ከድጡ ወደ ማጡ፦ የመስከረም ጭቃና የልጆች ጫማ

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለችልኝ። ባሏ ከአምቦ ወጣ ብሎ ሥራ አግኝቷል፤ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው። ቤት ተከራይተዋል፣ ትምህርት ቤትም ተገኝቷል። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለልጆቹ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት። ካርዷ አለቀ፣ መልሼ ደወልኩላት፣ አሁንም አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ያልነገርኳት ነገር አንድ በአንድ ትዝ እያለኝ መጣ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ፤ እሷም ታነበዋለች፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ገጠር የምትሄድ ሌላ እናትም ታገኘው ይሆናል።

እኛ ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ነበርን፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ። ባለቤቴ የመስኖ ሥራ ላይ ነበር። ስንሄድ ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ መሃለኛዋ ሰባት፣ ትንሹ ሦስት። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ጭቃ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። የሰፈራችን መንገድ አስፋልት አልነበረውም፤ ክረምት ክረምት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። ግን ያ ጭቃ ከቤት እስከ ታክሲ ነው። ገጠር ያለው ጭቃ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ወንዝ፣ ከወንዝ እስከ ገበያ ነው፤ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ነገር ነው።

የከተማ ሰው መስከረም ሲባል የሚታየው አደይ አበባ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በቀን መቁጠሪያውም ክረምት መስከረም 25 ያልቃል፤ ከ26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌ ይገባል። ሰማዩ ይጠራል፣ መስኩ ቢጫ ይሆናል፣ እውነትም ያምራል። ከአበባው ሥር ያለው መሬት ግን ሦስት ወር ሙሉ ውኃ የጠጣ መሬት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፤ ዝናቡ ሲበረታ ልጆች ቢያንስ መጠለል ይችላሉ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ልክ መሬቱ ጠግቦ አልቀበልም ባለበት ሰዓት ነው። ለእንቁጣጣሽ የተገዛው አዲስ ጫማ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የሚወጣው። ለዚህ ነው ወላጅ ከሐምሌ ይልቅ መስከረምን መፍራት ያለበት የምለው። በፀደይ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ይጀምርና ልጆች የዓመቱን ፈተና በጭቃ እግር ሄደው ይፈተናሉ።

የልጆቼ ትምህርት ቤት በእነሱ እግር አርባ ደቂቃ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ መሬቱ ቀይ ነው፣ ተዳፋት። ቀይ አፈር ሲርስ ከላይ ቀጭን ሳሙና የተቀባ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጠንከር ያለ ነው። እግር ይዞ አያቆምም፣ ይወስዳል። ያ ድጥ ነው። ተዳፋቱን ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደግሞ መሬቱ ይጠቁራል። ዋልካ ይሉታል። ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ ደግሞ የሚያብጥና የሚያጣብቅ አፈር ነው። አንድ ጊዜ ሲረግጡት ሶሉ ላይ ይለጠፋል፣ ሁለተኛው በእሱ ላይ፣ ሦስተኛው በዚያ ላይ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ልጅ በሁለት እግሩ ሁለት ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይሆናል። ያ ማጥ ነው። እድሜ ልኬን «ከድጡ ወደ ማጡ» ስል ኖሬ ነገሩ መንገድ መሆኑን ያወቅሁት ልጆቼን ለመቀበል በሄድኩበት ቀን ነው። ሰው ይህን ተረት የተረተው ሄዶበት ነው።

እንግዲህ ጫማ የምትመርጪው ለዚህ መሬት ነው። እህቴን መጀመሪያ የጠየቅኋት «አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር?» ብዬ ነው። አላየችውም። እዪው አልኳት፣ ምክንያቱም ለቀይ አፈር ሶሉ በደንብ የተቦረቦረ፣ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፤ ለዋልካ ደግሞ ያ ጥርስ ነው ጭቃውን ይዞ የማይለቀው። ለዋልካ ሶሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ በእንጨት አንድ ጊዜ ሲፋቅ የሚለቅ ይሻላል። ሁለቱም ካለ ድጡ ላይ መውደቅ ስለሚብስ ጥርስ ያለውን ትመርጣለች፤ ጭቃውን መንገድ ላይ እያቆሙ ማራገፍን ልጆቹን ታስተምራለች።

የመጀመሪያው መስከረም ላይ እኔ ያደረግሁላቸው ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የቆዳ ጫማ ነበር፤ ጥቁር፣ ጥሩ፣ ውድ። በአንድ ሳምንት አለቀ። አለቀ ስል አልተቀደደም፤ ረጠበ፣ ማታ ምድጃ ዳር አደረቅሁት፣ ጠዋት እንደ እንጨት ደርቆ ጠበቀ፣ ማስቲሹ ለቀቀ፣ ሶሉ አፉን ከፈተ። እርጥብ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይበቃኛል። ጭቃውን ካጠባችሁ በኋላ ውስጡ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጭድ ጠቅጥቃችሁ፣ ነፋስ ባለበት፣ አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጋዜጣው ውኃውን ይጠጣል። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቀይሩት። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ባይደርቅም እግር የሚያስገባ ይሆናል። የጤፍ ጭድ ከጋዜጣ እኩል ይሠራል፣ ዋጋም የለውም፤ ብቻ በደንብ ማራገፍ ነው፣ ካልሲ ውስጥ ገብቶ ይበላል።

ቀጥሎ የጎማ ቦት ገዛሁ፤ ረጅሙን፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን። ልጆቹ ደስ አላቸው። ወንዝ ለመሻገር፣ ከብት ለማስገባት፣ ለጓሮ እንደ እሱ ያለ የለም። ለአርባ ደቂቃ መንገድ ግን ይከብዳል። እግር ውስጡ ያልበዋል፣ ተረከዝ ይልጣል፣ ውኃ ከላይ ከገባበት ደግሞ ልጁ ኩሬ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ «ያድጉበታል» ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ ነው የገዛሁት። ሰፊ ቦት ዋልካ ውስጥ ሲገባ እግር ይወጣል፣ ቦቱ ይቀራል። መሃለኛዋ ልጄ አንድ ቀን በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን አየር ላይ ይዛ፣ የምትደገፈው አጥታ ስታለቅስ አንድ እረኛ ልጅ ነው ያወጣላት። ከእሷ አይበልጥም። ገሳውን አራግፎ፣ ዱላውን ሰጥቷት፣ ቦቱን በሁለት እጁ ነቅሎ አወጣው። እሱ ጫማ አልነበረውም።

ያ ልጅ ጫማ ያልነበረው መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ወዲያው አይደለም። ልጄ ነች የነገረችኝ። «እማ፣ እሱ እኮ አይወድቅም» አለችኝ፤ «በጣቱ ነው የሚይዘው።» እውነቷን ነው። በባዶ እግሩ ያደገ ልጅ ድጡን በጣቶቹ ቧጥጦ ይይዛል። የእኔ ልጆች ያንን አይተው ቀኑ፤ ጫማ ማውለቅ ጀመሩ። እኔም አልከለከልኩም፣ ቢታጠብ ይለቃል ብዬ ነው ያሰብኩት።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን ማውራት አለብኝ።

ከቤታችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። ቡና ሲፈላ ይጠሩናል፣ እኛም እንጠራቸዋለን፤ እሳቸው ግን ከበር አያልፉም። ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ ሰብስበው ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከቅጥሩ ውጪ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ብዙ ወር ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ውስጥ ገቡ፣ እግራቸውን አየሁ። ዝሆኔ ነበረባቸው። ሁለቱም እግር ከጉልበት በታች አብጦ ቆዳው ወፍሯል። «ከልጅነቴ ነው» አሉኝ፤ «ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ነው የጀመረኝ። እናቴም ነበረባት። ርግማን ነው ይሉናል።»

ርግማን አይደለም። ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው በትንኝ የሚተላለፈውን ነው የሚያውቀው፤ ያም አለ። የደጋው ዝሆኔ ግን በአብዛኛው ከአፈሩ ነው የሚመጣው። ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ እግርና አቧራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው፤ ስሙን ያወጣለት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እሳተ ገሞራ ካወጣው ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ከዚያ ፈሳሽ የሚመላለስበትን የሰውነት ቧንቧ ያስቆጣሉ፣ እየዘጉት ይሄዳሉ፣ እግሩ ማበጥ ይጀምራል። ከፍ ያለና ዝናብ የሚበዛበት ቦታ ነው ቤቱ፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ የሚዘንብበት ደጋ። ጎጃም አንዱ ነው፣ ወላይታ አንዱ ነው። ወላይታ ውስጥ በተሠራ ጥናት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ታውቋል፤ ለዚህ ነው ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ የሚመስለው። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፣ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው። እግሩ አፈሩን ካልነካ አይዝም። አገራችን ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል የሚገመት ሰው አለበት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ በጤና ጣቢያው የምትሠራ ነርስ ነች። ሦስት ጊዜ ነው የደገመችልኝ፤ «ምልክቱ የሚታየው ጎረምሳ ሲሆኑ ነው፣ አፈሩ የሚገባው ግን ልጅ ሆነው ነው።» ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የልጆቼን እግር በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። የእረኛውን ልጅም እግር እንደዚያው። እርግጥ ነው፣ ወራት ወይም ዓመት በባዶ እግር የሄደ ሁሉ አይታመምም፤ ግን ማን እንደሚታመም ግንባር ላይ አይጻፍም። ሌላም አለ፤ የመንጠቆ ትል በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር ነው የሚገባው፣ በጭቃ የቆሰለ እግር ደግሞ ቶሎ አይድንም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ሕግ ወጣ፤ ማንም ጫማ አያወልቅም። ሕጉ ግን አልተከበረም። ለምን እንዳልተከበረ ያወቅሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፣ መስቀል ሰሞን። መሃለኛዋ ልጄ በየቀኑ ጫማዋ ንጹሕ ሆኖ ትገባለች። ሌሎቹ ጭቃ ለብሰው ይመጣሉ፣ የእሷ እንደወጣ ነው። ጎበዝ፣ ጠንቃቃ ልጅ ብዬ አመሰገንኳት። አንድ ቀን ሳላስበው መንገድ ላይ አገኘኋት። ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ በባዶ እግሯ፣ ከጓደኞቿ ጋር። አልተቆጣሁም፤ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ጭቃ በያዘ ጫማ ክፍል የገባ ልጅ ውጪ እንደሚቆም ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ቆማለች። እግራቸውን በሣር ጠርገው ንጹሕ ጫማ አድርገው የሚገቡት ግን አይቆሙም። እና የአገሩ ልጆች እንደሚያደርጉት አደረገች። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው «ጎበዝ» ያልኳት።

ልቤ ነው የተሰበረው። መምህሩን ክፉ ሰው ነው ብዬ አይደለም፤ ክፍሉ ሲሚንቶ ነው፣ ስድሳ ልጅ ጭቃ ይዞ ሲገባበት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ የሚጠርግ ሰው የለውም። ግን ልጅ ጫማውን ከጭቃ ለማዳን እግሩን ጭቃ ውስጥ የሚከትበት አሠራር ልክ ሊሆን አይችልም። ደግሞ መምህሩ ብቻ አይደለም። ገበያ ቀን ሰው ጫማውን ይዞ መጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ እግሩን ታጥቦ ሲያደርግ አይታችኋል? እናቶችስ «ይሄን ጫማ ዛሬ ብታጨቀዪው ወዮልሽ» አንልም? እኔ ራሴ ብያለሁ። ያንን የቆዳ ጫማ ያደረገች ቀን በዚሁ አፌ ብያታለሁ። ልጅ የሰማውን ነው የሚሠራው።

ይህን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሳወራቸው፣ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ዓለምን ያሸነፈው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ይህን ያሉት ትምህርት ቤት ሳይገቡ የቀሩ፣ እስከ ሠርጋቸው ቀን ጫማ ያላደረጉ ሰው ናቸው፤ ቃሉ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ለእኔም ነው። እውነት ነው፣ አበበ በ1952 ዓ.ም. የጳጉሜን የመጨረሻዋ ቀን፣ እዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ ሲሰናዳ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አሸነፈ። በ1957 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። «ሦስት ደቂቃ ነው የቀነሰው፣ አባባ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሱ ንጉሡ ናቸዋ ያጫሙት» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ያሉት ነው እኔን የያዘኝ፤ «የእኛን ማን ያጫማዋል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ማድረግ የቻልነውን ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የቆዳ ጫማ ነገር ቀረ። ለሦስቱም ኮንጎ ጫማ ገዛን፤ ያቺን ርካሿን፣ አንድ ወጥ ፕላስቲኳን። ከተማ ውስጥ ኮንጎ ጫማ የድህነት ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው፤ ይህ ነገር ያናድደኛል። ለጭቃ እንደ እሷ የተመቸ የለም። ወንዝ ውስጥ ነከር አድርገሽ ታጠቢያታለሽ፣ አራግፈሽ ታደርጊያታለሽ፣ ማስቲሽም ክርም የላትም። ችግሯ ፕላስቲኩ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል፣ በቀዳዳው ጭቃ ይገባል፣ ሲሞቅ ያልባል። ስለዚህ ካልሲ ያስፈልጋል፤ ወፍራም፣ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ እግር ላይ አንዱ በፌስታል ቦርሳ ውስጥ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ይቀይራሉ። አንዳንዱ ቀን ትንሹን ካልሲውን ካደረግሁለት በኋላ በላዩ ላይ ፌስታል አልብሼ ነው ጫማ ውስጥ የማስገባው፤ ይንሸራተታል እንጂ እግሩ ደረቅ ይውላል። ለረጅም ሰዓት ግን አይሆንም፣ እግር ይበስላል። የመኪና ጎማው በረባሶ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ክፍት ስለሆነ ግን አፈሩን አያስቀረውም። ሸራ ጫማን ለጥር አስቀምጡት።

የመለካቱን ነገር ከእማማ ነው የተማርኩት። ልጅን ገበያ ድረስ በጭቃ አታንከራቺውም፤ እግሩን በክር ወይም በስንደዶ ለክተሽ፣ ቆርጠሽ፣ እሱን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጫማው ውስጥ ስንደዶው ገብቶ የትንሿ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ከተረፈ ልኩ ነው። ከዚያ በላይ ከሰፋ ዋልካ ይቀማዋል። ማታ ለኪ፤ እግር ከዋለ በኋላ ትንሽ ይሰፋል።

ሁለተኛው ነገር በር ላይ ነው። ባለቤቴ የዶለዶመ ማረሻ አግኝቶ ደጃፍ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ተከለው። ጫማን ለመፋቅ እንደ እሱ ያለ አላየሁም። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በር ላይ ያለችው ብረት ለዚህ እንደነበረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጅ ሆኜ እንቅፋት ነበር የምትመስለኝ። ከማረሻው ቀጥሎ ውኃ ያለበት ጀሪካንና አሮጌ የልብስ ብሩሽ።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ ጊዜ ወሰደ። ለወላጅና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ሄጄ ተናገርኩ፤ መጀመሪያ የከተማ ሴት ነገር ተደርጎ ነበር የታየው። እማማ ባይኖሩ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሃል ገብተው ተነሡና፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ያዝ አድርገው፣ «ልጆቻችሁን ጫማ አታስወልቁ፣ ይኸው እዩ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የተስማማነው ቀላል ነገር ነው፤ ክፍሉ በር ላይ ውኃ ይቀመጥ፣ ውኃውን ትልልቆቹ ልጆች በተራ ይቅዱ፣ ጭቃ ይዞ የመጣ ልጅ ጫማውን አጥቦ እግሩ ላይ እንዳለ ይግባ፣ ጭቃ ስለያዘ ማንም ውጪ አይቁም። መንገዱ ላይ ደግሞ ዋልካው በጣም የሚብስበትን ቦታ በደቦ ድንጋይ አነጠፍንበት። አንድ ቅዳሜ ነው የፈጀው። ሁሉም ልጅ ጫማ አገኘ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አላገኙም፣ ያ እረኛ ልጅ ለእኛ ልጅ ያነሰውን ጫማ እስኪወስድ ድረስ አንድ ዓመት ሄዷል፤ ቀድሜ ልሰጠው ይገባኝ ነበር።

አራተኛውና ዋናው እግር መታጠብ ነው። ይህን ለእህቴ ስነግራት «እሱማ ማን አይታጠብም» አለችኝ። እኔ የምለው ግን ማለቅለቁን አይደለም። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ አገሩ ድሮም ያውቀዋል። መንገድ የመጣ እንግዳ ሲገባ ከምግብ በፊት እግሩ ይታጠባል፣ ማታ አባት ከእርሻ ሲመለስ ለብ ያለ ውኃ ይቀርብለታል፣ ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ለእንግዳና ለአባት የሚደረገውን ለልጅ ማድረግ ነው። በየማታው፣ በሳሙና፣ በጣቶቹ መሃል ሁሉ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ማድረቅ፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል፣ እዚያ ጋ ነው እርጥበት ተኝቶ የሚልጠው፤ ከዚያ ቫዝሊን መቀባት፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ። የተሰነጠቀ ቆዳ ለአፈሩ በር ነው። ነርሷ እማማንም ያዘዘቻቸው ይህንኑ ነው፤ ሳሙና፣ ትንሽ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ከዚያ ካልሲና በልካቸው የተሠራ ጫማ። የበረኪናውን መጠን ነርሷ ነች የምትለካላቸው፤ ለጤነኛ ልጅ ሳሙናና ውኃ ይበቃል። በጥቂት ወር ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ግን የሚቀጥለው ዓመት መስቀል ላይ ቡና ሲፈላ ገብተው ከምድጃው አጠገብ ነው የተቀመጡት።

ማታ ማታ ሦስቱንም አግዳሚ ላይ ደርድሬ፣ ሳፋውን መሃል አድርጌ፣ በተራ አጥባቸው ነበር። ውኃው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ መንገዳቸው እንዳለ ሳፋው ውስጥ ነው። የዋሉበትን ሁሉ የሚያወሩኝ ያን ጊዜ ነው። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደደበደበ፣ መምህሩ ምን እንዳለ። ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ ብጠይቃቸው የማይነግሩኝን እግራቸው በእጄ ላይ ሲሆን ይነግሩኛል። ልጄ ውጪ መቆሟን ቀደም ብዬ ባጥባት ኖሮ ቀደም ብዬ እሰማ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እህቴ ዛሬ ጠዋት መልሳ ደወለች። ቤቱን ለማየት ሄዳ ነበር። «ቀይ ነው» አለችኝ፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ። የልጆቹን እግር ማታ በክር ለክታለች፤ ትልቁ 34፣ ትንሿ 29። ቅዳሜ መርካቶ እወርድላታለሁ። ሁለት ኮንጎ፣ አራት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ አንድ ሳፋ። ማረሻውን እዚያው ትፈልግ።